ማግኔት የማይስባት ፔኒ፦ በ1943 በተሳሳተ ማዕድን የታተሙት ሳንቲሞች

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብለን እንጽፋለን።)

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፒትስፊልድ የምትባል ከተማ። ጊዜው ማርች 1947። በትምህርት ቤቱ ካፌ ምሳ ገዝቶ መልስ ተቀበለ። ከመልሱ መሃል አንዲት ፔኒ፣ ማለትም የአሜሪካ አንድ ሳንቲም፣ ዓይኑን ያዘችው።

ልጁ ዶን ሉተስ ይባላል። ሳንቲም መሰብሰብ ስለሚወድ አንድ ነገር ያውቃል፦ በ1943 የታተሙት ፔኒዎች ግራጫ ናቸው፣ ከስቲል ነው የተሠሩት። እጁ ላይ ያለችው ግን ቡናማ ናት፣ እንደማንኛውም የመዳብ ፔኒ። ዓመቱን ደግሞ ደጋግሞ አየው። 1943 ይላል።

ይህቺ ሳንቲም ከ70 ዓመት በላይ ቆይታ በ204,000 ዶላር ተሸጠች። እስከዚያ ድረስ ግን ልጁ መንግሥትን ጠይቆ ያገኘው መልስ «እንዲህ ያለ ሳንቲም የለም» የሚል ነበር።

ዛሬ የምንነግራችሁ እነዚህ ሳንቲሞች እንዴት እንደተፈጠሩ፣ ለምን ይህን ያህል እንደተወደዱና እውነተኛው ከሐሰተኛው በምን እንደሚለይ ነው። «ይህ ሳንቲም ቤትህ ካለ ሚሊየነር ነህ» የሚሉ ቪዲዮዎች ስልካችሁ ላይ ሲመጡ ምን ማየት እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

■ መዳቡ የት ሄደ?

እስከ 1942 ድረስ የአሜሪካ ፔኒ 95 በመቶው መዳብ ነበር። የቀረው ጥቂት ቲንና ዚንክ ነው። በላዩ ላይ ያለው የፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከን ምስል ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች «ሊንከን ፔኒ» ይሉታል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ በዲሴምበር 1941 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። ጦርነት ደግሞ መዳብ ይበላል። የጥይትና የመድፍ ቀለህ ከመዳብ ቅልቅል ነው የሚሠራው፣ የስልክና የኤሌክትሪክ ሽቦም መዳብ ነው። በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፔኒ እያተሙ መዳቡን በሰው ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ቅንጦት ሆነ።

በ1942 የአሜሪካ ሳንቲም አታሚ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ሚንት፣ ምትክ ፍለጋ ብዙ ነገር ሞከረ። ፕላስቲክ ተሞከረ። መስታወት ሳይቀር ተሞከረ! በመጨረሻ የተመረጠው በዚንክ የተለበጠ ስቲል ነው። በዲሴምበር 1942 ኮንግረሱ ለውጡን ፈቀደ፣ በፌብሩዋሪ 1943 ደግሞ የስቲል ፔኒ መታተም ጀመረ።

በዚያ ዓመት በሦስቱ ማተሚያዎች፣ በፊላዴልፊያ፣ በዴንቨርና በሳን ፍራንሲስኮ፣ በድምሩ ከ1 ቢሊዮን በላይ የስቲል ፔኒዎች ታተሙ። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

■ ሕዝቡ ያልወደደው ሳንቲም

አዲሱ ፔኒ ከመጀመሪያው ጣጣ አመጣ።

አንደኛ፣ ከአስር ሳንቲሙ (ዳይም ይሉታል) ጋር ተመሳሰለ። ሁለቱም ነጣ ያሉ፣ በመጠንም የሚቀራረቡ ናቸው። በችኮላ የሚከፍል ሰው አንዱን ከሌላው አምታታ።

ሁለተኛ፣ ዛገ። ዚንኩ የተለበጠው ስቲሉ ገና ጥቅል እያለ ስለነበር፣ በክብ ሲቆረጥ ጠርዙ ያለ ልባጥ ቀረ። ላብና እርጥበት ሲነካው ዝገቱ ከጠርዝ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ የሽያጭ ማሽኖች አልቀበልም አሉት። በዚያ ዘመን ማሽኖቹ ሳንቲም መስሎ የሚገባ ቁራጭ ብረትን በማግኔት ለይተው ይጥሉ ነበር። አዲሱ ፔኒ ስቲል ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል። ማሽኑም ሕጋዊውን ገንዘብ እንደ ሐሰተኛ ቆጠረው።

በዚህ ምክንያት ነገሩ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በ1944 ፔኒ ወደ መዳብ ተመለሰ፣ ከጥይት ቀለህ የተገኘ መዳብም ለሥራው ዋለ።

ታዲያ ሁለት ጊዜ ማዕድን ተቀየረ ማለት ነው፦ አንዴ ከመዳብ ወደ ስቲል፣ አንዴ ከስቲል ወደ መዳብ። ስህተቶቹም የተወለዱት በእነዚህ ሁለት መሻገሪያዎች ላይ ነው።

■ ስህተቱ እንዴት ተፈጠረ?

ይህን ለመረዳት ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከባድ አይደለም።

ማዕድኑ በሰፊ ጥቅል ይመጣል። ማሽኑ ልክ የብስኩት ሊጥ በብርጭቆ አፍ እንደሚቆረጠው በክብ በክብ ይቆርጠዋል። የሚወጣው ምንም ምስል የሌለበት ክብ ነው። እኛ እዚህ «ባዶ» እንበለው። ባዶዎቹ በትልልቅ ሣጥን ተሞልተው ወደ ማተሚያው ይሄዳሉ። እዚያ እያንዳንዱ ባዶ በሁለት የተቀረጹ የብረት ማኅተሞች መካከል ይገባል። ማኅተሞቹ በከፍተኛ ኃይል ሲጫኑት በአንድ ምት የፊትና የኋላ ምስሉ ይወጣል። ዓመቱም በዚሁ ምት ይታተማል።

ልብ በሉ፦ ዓመቱ ያለው ማኅተሙ ላይ ነው። ማዕድኑ ያለው ባዶው ላይ ነው። ማሽኑ የሚመታው ምን እንደሆነ አያውቅም። መጠኑ ልክ ከሆነ ይመታዋል።

በብዛት ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንዲህ ነው። በ1942 መጨረሻ ላይ ጥቂት የመዳብ ባዶዎች በሣጥኖቹ ስንጥቅና በመክፈቻቸው ጥግ ተቀርቅረው ቀሩ። ሣጥኑ ባዶ መሰለ። በ1943 የስቲል ባዶዎች ተሞሉበት። ሣጥኑ ሲገፋና ሲገለበጥ የተቀረቀሩት ተላቀቁና ከስቲሉ ጋር ተደባልቀው ወደ ማተሚያው ገቡ። ማሽኑ ለጠንካራው ስቲል በሚሆን ኃይል መታቸው። መዳብ ለስለስ ያለ ስለሆነ ምስሉ በጣም ጥርት ብሎ ወጣባቸው።

ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ወደ ከረጢት፣ ከከረጢት ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ሱቅ ሄዱ። ከቢሊዮን ሳንቲም መካከል ጥቂት ቡናማዎችን ቆሞ የሚለቅም ሰው አልነበረም።

■ ስንት ናቸው?

የአሜሪካ ሚንት ራሱ ዛሬ ወደ 40 የሚጠጉ የ1943 የመዳብ ፔኒዎች እንዳሉ ይገምታል። በባለሙያ ተመርምረው የተመዘገቡት ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። በየማተሚያው ስናያቸው፦

▪ ፊላዴልፊያ፦ አብዛኞቹ የተገኙት ከዚህ ነው። ከዓመቱ ሥር ምንም ፊደል የላቸውም። የዶን ሉተስም ከዚህ ናት።

▪ ሳን ፍራንሲስኮ፦ ጥቂት ናቸው፣ በጣት የሚቆጠሩ። ከዓመቱ ሥር የእንግሊዝኛው «ኤስ» ፊደል አለባቸው። አንዷን በ1944 ያገኛት የካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች ከተማ ነዋሪ የሆነ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ሳንቲሟ በ2008 በ72,500 ዶላር ተሸጣለች።

▪ ዴንቨር፦ የምትታወቀው አንዲት ብቻ ናት። «ዲ» ፊደል አለባት። ይህቺ በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ በጨረታ 840,000 ዶላር አወጣች።

እስኪ የመጨረሻዋን መስመር ድጋሚ አንብቧት። ያቺው ሳንቲም ናት፣ የምትወዳደራትም የለችም። ሆኖም በ10 ዓመት ገደማ ልዩነት ዋጋዋ በግማሽ ወረደ። «ብርቅ ሳንቲም ዋጋው ሁሌ ይጨምራል» የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ንገሩት። የሳንቲም ዋጋ በዚያን ቀን ጨረታው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ለመክፈል የፈቀዱት ነው።

■ የ1944ቱ ግልባጭ

በ1944 ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ትክክለኛው ማዕድን መዳብ ነው፣ የተረፈው ስቲል ነው። ጥቂት የስቲል ባዶዎችም 1944 የሚል ማኅተም ተመታባቸው።

ለፊላዴልፊያዎቹ የሚነገር አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በ1944 ቤልጂየም ከናዚ ይዞታ ነፃ ስትወጣ ሳንቲም ያስፈልጋት ነበር። ፊላዴልፊያ ከስቲል ፔኒ በተረፉት ባዶዎች ለቤልጂየም 2 ፍራንክ አተመች። ስለዚህ የስቲል ባዶ በዚያ ዓመትም ግቢው ውስጥ ነበረ። አንዳንዶቹ መንገድ ስተው ፔኒ ሆነዋል ተብሎ ይታመናል።

የ1944 የስቲል ፔኒም በጣም ብርቅ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከታተሙት አንዱ በ2008 በ373,750 ዶላር ተሸጧል።

እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው። የ1943 ፔኒ ስቲል ከሆነ ተራ ነው፣ መዳብ ከሆነ ብርቅ ነው። የ1944 ፔኒ መዳብ ከሆነ ተራ ነው፣ ስቲል ከሆነ ብርቅ ነው። ዋጋ የሚሰጠው ዓመቱ ብቻውን ወይም ማዕድኑ ብቻውን አይደለም። ሁለቱ መጣላታቸው ነው።

■ የፎርድ መኪና ወሬ

ወደ ልጁ እንመለስ።

በዚያ ወቅት አሜሪካን ያዳረሰ ወሬ ነበር፦ «የ1943 የመዳብ ፔኒ ላመጣ ሰው ሄንሪ ፎርድ አዲስ መኪና ይሰጣል።» ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ነው የሄደው። የዛሬ ጊዜ ቢሆን ሚሊዮን ሼር ያገኝ ነበር።

ዶን ሉተስ ወሬውን ሰምቷልና የፎርድን ኩባንያ ጠየቀ። ውሸት ነው ተባለ። ከዚያ የአሜሪካን ገንዘብ ሚኒስቴር ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፦ በ1943 የመዳብ ፔኒ አልታተመም፤ የዚያ ዓመት ፔኒዎች በሙሉ በዚንክ የተለበጠ ስቲል ናቸው።

እውነት ለመናገር መሥሪያ ቤቱ እንዲያ ቢል የሚገርም አይደለም። ከወሬው በኋላ ሰው ሁሉ ፔኒ ይዞ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ አብዛኛው ደግሞ ሐሰተኛ ነው። በመዝገባቸውም ላይ ያለው ስቲል ብቻ ነው። ግን መዝገቡ የሚያሳየው የታዘዘውን ነው። የልጁ እጅ ላይ ያለችው ደግሞ በስህተት የሆነችው ናት።

ልጁ አልተከራከረም፣ አልሸጣትምም። ከስብስቡ ጋር አስቀመጣት። ዓመታት ሲያልፉ ሌሎችም ተገኙ፣ ባለሙያዎችም መረመሯቸው፣ «የሉም» የተባሉት ሳንቲሞች መኖራቸው ተረጋገጠ። ዛሬ የአሜሪካ ሚንት ራሱ ስለ እነሱ ይጽፋል።

■ እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት ይለያሉ?

እዚህ ላይ ትኩረት ስጡ። የ1943 የመዳብ ፔኒ በአሜሪካ በብዛት ከሚጭበረበርባቸው ሳንቲሞች አንዱ ነው። ማጭበርበሪያው ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው፣ ተራውን የስቲል ፔኒ በስሱ መዳብ መለበጥ። ላዩ ቡናማ ይሆናል፣ ውስጡ ያው ስቲል ነው። አንዳንዱ ለማጭበርበር ሳይሆን ለጌጥ ወይም ለመታሰቢያ ተብሎ የተለበጠ ነው። ግን እጅ ከእጅ ሲዞር ታሪኩ ይረሳና «ብርቅ» ሆኖ ይመጣል።

ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። የ1948 ፔኒ እውነተኛ መዳብ ነው። የመጨረሻውን 8 የግራ ጎን ፍቀው 3 ያስመስሉታል። በቃ፣ 1948 የነበረው 1943 ሆነ። ማዕድኑ እውነተኛ ስለሆነ ማግኔት አይዘውም።

ስለዚህ ምርመራው በደረጃ ነው፦

1. ማግኔት። ሳንቲሙ ማግኔት ላይ ከተለጠፈ ነገሩ አለቀ፣ የተለበጠ ስቲል ነው። ማስጠንቀቂያ፦ አለመለጠፉ እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። የመጀመሪያውን ፈተና አለፈ ማለት ብቻ ነው።

2. ሚዛን። እውነተኛው የመዳብ ፔኒ 3.11 ግራም ገደማ ነው። የስቲሉ 2.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ግራም በታች ስለሆነ የሽንኩርት ሚዛን አይለየውም። ወርቅ ቤት ያለውን ዓይነት ሚዛን ይፈልጋል።

3. የ3 ቁጥር። በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ። የዚያ ዓመት 3 የታችኛው ጭራ ረዥም ነው፣ ከሌሎቹ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ጥሩው ዘዴ አንድ ተራ የ1943 የስቲል ፔኒ አጠገቡ አድርጎ ማነጻጸር ነው። የቁጥሩ ቅርጽ አንድ መሆን አለበት። ከ8 የተፈቀለ ከሆነ ቅርጹ አይገጥምም፣ የመፋቂያ ጭረትም ሊታይ ይችላል።

4. ባለሙያ። ሦስቱን ያለፈ ሳንቲምም ቢሆን በገለልተኛ መርማሪ ካልተረጋገጠ ዋጋ የለውም። በአሜሪካ በብዛት የሚታመኑት ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉት ድርጅቶች ናቸው። ሳንቲሙን ይመረምራሉ፣ ደረጃ ይሰጡታል፣ በታሸገ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡታል። የሉተስም ሳንቲም የተሸጠችው በፒሲጂኤስ ተመርምራና ታሽጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አትጠቡት፣ አታሹት፣ በሎሚም አትወልውሉት! ብርቅ ሳንቲምን ማጽዳት ዋጋውን ይገድለዋል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት በዘመኑ መልክ የቆየውን ነው።

■ 1943 ብቻ አይደለም

ማዕድን በተቀየረ ቁጥር ይህ ስህተት ይደጋገማል። ከአሜሪካ ሁለት ምሳሌ እንጨምር።

የ1965ቱ ለውጥ፦ እስከ 1964 የአሜሪካ 10 ሳንቲምና 25 ሳንቲም 90 በመቶው ብር (ማዕድኑ ብር) ነበሩ። የብር ዋጋ ሲጨምር በ1965 በወጣ ሕግ ወደ መዳብና ኒኬል ቅልቅል ተዘዋወሩ። በዚያ መሻገሪያ 1965 ተብሎ በብር የታተመ፣ 1964 ተብሎ በአዲሱ ቅልቅል የታተመ ሳንቲም ወጥቷል። መለያው ሚዛን ነው፦ የብሩ 25 ሳንቲም 6.25 ግራም ሲሆን አዲሱ 5.67 ግራም ነው። ጠርዙም ይናገራል። አዲሱ በጎኑ ሲታይ መሃሉ ላይ የመዳብ መስመር አለው፣ የብሩ የለውም።

የ1982ቱ ለውጥ፦ በዚህ ዓመት ፔኒ ከመዳብ ወጥቶ በመዳብ የተለበጠ ዚንክ ሆነ። ክብደቱም ከ3.11 ወደ 2.5 ግራም ወረደ። መልኩ ግን ያው ነው፣ በዓይን አይለይም። በ1983 ጥቂቶች በአሮጌው የመዳብ ባዶ ታትመዋል። በዴንቨር ከታተሙት የ1982 ፔኒዎች ደግሞ «ትንሽ ቁጥር» የሚባለው ዓይነት በመዳብ የለም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2016 አንድ ሰብሳቢ አገኘው፣ በ2017 በ18,800 ዶላር ተሸጠ። ከ30 ዓመት በላይ ከሰው ኪስ ሰው ኪስ ሲዞር የነበረ ሳንቲም ማለት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ የፔኒ ማሰሮ ካላችሁ በ15 ዶላር አካባቢ ሚዛን ገዝቶ የ1982 እና የ1983ቶቹን መመዘን ጥሩ የእሁድ ከሰዓት ጨዋታ ነው። ተስፋው ግን ሎተሪ ያህል ነው። በተለይ 1982 ላይ በሁለቱም ማዕድን በሕጋዊ መንገድ በብዛት ስለታተመ 3.11 ግራም የመዘነ ሁሉ ብርቅ አይደለም። ፔኒ ራሱም ታሪክ እየሆነ ነው፦ ለዝውውር የሚሆነው የመጨረሻው ፔኒ በኖቬምበር 2025 ፊላዴልፊያ ላይ ታትሟል። ያለው ግን እስካሁን ይገበያያል።

■ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ማተሚያ፣ የእኛ ሳንቲም

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በዚያው በጦርነቱ ዘመን ፊላዴልፊያ የኢትዮጵያንም ሳንቲሞች አትማለች። በአንድ በኩል የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል፣ በሌላው አንበሳ ያለባቸው፣ 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዙት ናቸው። 1936 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንጆች ከ1943 መጨረሻ እስከ 1944 ያለው ጊዜ ነው። ከስቲል ፔኒው ጋር እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። (ዓመቱ ሳይቀየር ለብዙ ዘመን መታተማቸው ስለቀጠለ «1936 ይላል» ብቻውን የታተሙበትን ዓመት አይነግራችሁም።)

በእነዚህ ሳንቲሞች ላይም ማዕድን ያመጣው ጣጣ ነበር። ሽልንጉ፣ ማለትም 50 ሳንቲሙ፣ ከብር የተሠራ ነው። ስሙኒው፣ 25 ሳንቲሙ፣ ከመዳብ ነው። መጠናቸው ስለተቀራረበ ስሙኒውን ነጭ ቀለም ለብጠው በሽልንግ ዋጋ የሚያሳልፉ ሰዎች ተፈጠሩ። መፍትሔው ቅርጹን መቀየር ሆነ። የስሙኒው ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ ሞገድ ተደረገ። አያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ያ ጠርዙ ሞገድ የሆነ ቡናማ ሳንቲም ካለ፣ ቅርጹ እንዲያ የሆነው ለጌጥ እንዳልሆነ አሁን አወቃችሁ። ክቡ ስሙኒ ደግሞ ከሞገዱ ይልቅ ጥቂት ነው።

ማግኔት ካላችሁ እቤት ውስጥ ሙከራውን ሥሩት። 1969 ዓ.ም. (፲፱፻፷፱) የሚሉት የ10፣ የ25 እና የ50 ሳንቲሞች የተሠሩት ከነሐስና ከመዳብ-ኒኬል ስለሆነ ማግኔት አይስባቸውም። በኋላ የወጡት ግን ውስጣቸው ስቲል ሆኖ ላያቸው የተለበጠ ስለሆነ ይለጠፋሉ። እኛም አገር መልኩ ሳይቀየር ማዕድኑ ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ ግን ስህተት አይደለም፣ የታቀደ ለውጥ ነው። ስለዚህ «ማግኔት አልያዘውም፣ ብርቅ ነው» ብሎ 1969 ሳንቲም በብዙ ሺህ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ አመስግናችሁ ሸኙት።

■ «የምዝገባ ክፍያ ላክ» ሲሏችሁ

እንዲህ ያሉ እውነተኛ ታሪኮች አጭበርባሪዎችን ይጠቅማሉ። እውነተኛ ሽያጭ አለ፣ እውነተኛ ዋጋ አለ። ቀጥሎ የሚመጣው «አንተም እኮ አለህ» ነው። ሰውዬው የሳንቲማችሁን ፎቶ ያያል፣ ትልቅ ዋጋ ይጠራል፣ ከዚያ «ገንዘቡን ለመልቀቅ ትንሽ የምዝገባ» ወይም «የቀረጥ» ክፍያ ይጠይቃል። ከከፈላችሁ በኋላ አድራሻው ይጠፋል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በኦገስት 2021 የህንድ ማዕከላዊ ባንክ በስሙና በአርማው ተጠቅመው ለአሮጌ ሳንቲምና የወረቀት ገንዘብ ግዢ ኮሚሽንና ቀረጥ የሚጠይቁ ሰዎች እንዳሉ ለሕዝቡ በይፋ አስጠንቅቋል።

መለያው አጭር ነው፦

▪ እውነተኛ ገዢ ገንዘብ ይሰጣችኋል እንጂ አስቀድሞ አይጠይቃችሁም።
▪ እውነተኛ ገዢ በፎቶ ብቻ ሚሊዮን አይጠራም። ማዕድንና ክብደት በፎቶ አይታይም።
▪ ለምርመራ የሚከፈል ክፍያ አለ። ያ ግን ለገለልተኛ መርማሪ ድርጅት ነው የሚከፈለው፣ ሊገዛችሁ ለሚፈልገው ሰው አይደለም።
▪ «አሮጌ» ማለት «ብርቅ» ማለት አይደለም። ቅድም ያዙ ያልናችሁን ቁጥር አስታውሱ፦ የ1943 የስቲል ፔኒ ከ1 ቢሊዮን በላይ ታትሟል። 80 ዓመት አልፎታል፣ ግን የተለመደው ዓይነት ዛሬም በጣም ርካሽ ነው።

■ ሳንቲሟ መጨረሻዋ ምን ሆነ?

ዶን ሉተስ ያቺን ፔኒ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ እስከ ዕድሜው ማብቂያ አልለቀቃትም። ያረፈው በሴፕቴምበር 2018 ነው። ሳንቲሟ በጃንዋሪ 2019 ፍሎሪዳ ላይ በተደረገ ጨረታ 204,000 ዶላር አወጣች።

ገንዘቡ የሄደው ለፒትስፊልድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሉተስ በሕይወት እያለ በነፃ ያገለግልበት የነበረው ያው ቤተ መጻሕፍት። ለምሳ መልስ ተብላ የተሰጠች አንድ ሳንቲም፣ ያገኛት ልጅ በኖረበት ከተማ ላሉ አንባቢዎች መጽሐፍ ሆና ተመለሰች።

«የለም» ሲሉት ሳንቲሟን አልጣላትም፣ «ሚሊየነር ነህ» የሚል ወሬም አላስሮጠውም። ያዛት፣ በኋላም አስመረመራት። እናንተም ሣጥን ስትከፍቱ በዚያው ቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጀመሪያ ማግኔት፣ ቀጥሎ ሚዛን፣ ከዚያ ባለሙያ። ብር መላክ ግን በየትኛውም ደረጃ ላይ የለም።

እናታችሁ ወይም አያታችሁ አሮጌ ሳንቲም ካስቀመጡ ይህን አንብቡላቸው። የሚሸጥ ባይሆን እንኳ የሚወራ ታሪክ አይጠፋውም። ሊጭበረበር ይችላል ብላችሁ ለምታስቡት ሰውም ሼር አድርጉት።